ትንሽ በፈር ወይስ ትልቅ? የላፕቶፕ ድምፅ ላስቸገራችሁ የምርጫ መመሪያ

ባለፈው ጥር ነው። አንድ የሰርግ ባንድ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ይለማመዳል። እኔን የጠሩኝ ለላፕቶፑ ነው። የኪቦርዱ ድምፅ የሚወጣው ከላፕቶፑ ነው፤ ኪቦርዱ ራሱ በዩኤስቢ ተሰክቶ «ይህ ቁልፍ ተነካ» ከማለት ያለፈ ሥራ የለውም። ተጫዋቹ ሁለት ሦስቴ ነካ ነካ አደረገና ወደ እኔ ዞረ። «ወንድሜ፣ ጣቴ ይቀድማል፤ ድምፁ ኋላ ይመጣል።»

የሳውንድ ካርዱን ሴቲንግ ከፈትኩት። በፈሩ፣ ማለትም ካርዱ ከማጫወቱ በፊት ድምፁ የሚጠራቀምበት ማቆያ፣ 1024 ላይ ተቀምጧል። ወደ 128 አወረድኩት። ልጁ ሳቀ። «አሁን ገና ኪቦርድ ሆነ!» ጠዋቱን ሙሉ ያለ እንከን ተለማመዱ። እኔም ተመስግኜ አሞራ ገደል ዓሣ ተጋበዝኩ።

ከሰዓት መብራት ሄደ። ሞንታርቦውና ሚክሰሩ ጄኔሬተር ላይ ተሰኩ። ላፕቶፑን ያስታወሰው የለም፤ በባትሪ ቀጠለ። ብዙም ሳይቆይ «ጠቅ… ጠቅ ጠቅ… ጭርርር» ማለት ጀመረ። ካርዱ ያው ነው። ኬብሉም ያው። በፈሩም ያው 128። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ላፕቶፑ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ ሲፒዩውን፣ አንጎሉን ማለት ነው፣ አዘግይቷል። ጠዋት ለጥቂት ይደርስ የነበረ ሥራ ከሰዓት ለጥቂት ሳይደርስ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ «በፈሩን ስንት ላይ ላድርገው?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ቁጥር ከመናገሬ በፊት እኔም እጠይቃለሁ፦ ድምፁን የሚጠብቀው ማን ነው? ራሱን እየሰማ የሚጫወት ሰው ነው? ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ነው? ወይስ ማንም የማይጠብቀው ሥራ ነው? ምርጫው ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

በፈሩ ውስጥ ምን ይካሄዳል

ሳውንድ ካርድ ሰዓት አክባሪ ነው። ድምፁ ወደ ጥቃቅን ቁጥሮች ተቆራርጦ ነው የሚመጣለት፤ አንዱ ቁጥር ሳምፕል ይባላል። በሰከንድ 48,000 ሳምፕል ከተባለ 48,000 ይበላል። ለማንም አይጠብቅም። ሲፒዩው ግን ብዙ አለቃ አለበት፤ ዋይፋይ ይጠራዋል፣ ዲስክ ይጠራዋል፣ ብሮውዘሩ ይጠራዋል። ስለዚህ በመካከላቸው ማቆያ ያስፈልጋል። ሶፍትዌሩ ከፊት እየሄደ ይሞላል፣ ካርዱ ከኋላ እየተከተለ ያነባል። ማቆያው ክብ ነው፤ መጨረሻው ላይ የደረሰ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ካርዱ የሚያነበው በዲኤምኤ ነው፤ ማለትም ሲፒዩውን ሳያስቸግር ሚሞሪው ውስጥ ራሱ ገብቶ ይወስዳል።

ላፕቶፕ ስታክ ሲያደርግ ዘፈኑ «ድድድድድ» እያለ የሚደጋገመው በዚህ ምክንያት ነው። ሲፒዩው ደርቋል፤ ዲኤምኤው ግን ወሬውን አልሰማም። ክቡን መዞሩን ቀጥሏል። አዲስ የሚሞላለት ስለሌለ ያንኑ አሮጌ ቁራጭ ደጋግሞ ያጫውታል።

ክቡ በእኩል ቁራጮች ይከፈላል። አንዱ ቁራጭ ፔሬድ ይባላል። እንደ ትምህርት ቤቱ ፔሬድ ነው፤ ሲያልቅ ደወል አለው። ደወሉ ኢንተራፕት ነው። ካርዱ አንድ ፔሬድ አንብቦ ሲጨርስ ይደውላል፣ ድራይቨሩ (ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ይነቃል፣ ሶፍትዌሩን ይቀሰቅሳል፣ ባዶ የሆነው ቁራጭ ይሞላል። ሌላው ደወል ከመደወሉ በፊት ሞልቶ መገኘት አለበት።

ብዙ ፕሮግራም ላይ «በፈር ሳይዝ» ተብሎ የሚታየው ቁጥር በእውነቱ የአንዱ ፔሬድ መጠን ነው። ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 128 ብላችሁ ፔሬዶቹ 3 ከሆኑ ክቡ 384 ነው።

ትንሽ ወይስ ትልቅ

ከፒያሳ ወደ ሐይቅ ዳር ስትሄዱ ባጃጅ 3 ሰው ካገኘ ይነሳል። ሚኒባስ ከሆነ እስኪሞላ ቁጭ ነው። ትንሽ ፔሬድ ባጃጅ ነው። ቶሎ ይነሳል፤ ግን ያንኑ ሕዝብ ለማድረስ ብዙ ምልልስ ይጠይቃል። በ48,000 ሲሰላ 64 ሳምፕል 1.3 ሚሊሰከንድ ነው፤ ደወሉ በሰከንድ 750 ጊዜ ይደወላል። 256 ሲሆን 5.3 ሚሊሰከንድ፣ 1024 ሲሆን 21.3 ሚሊሰከንድ ነው። በ1024 ደወሉ በሰከንድ 47 ጊዜ አይሞላም። በየደወሉ ሲፒዩው የያዘውን ጥሎ ይመጣል፣ ሠርቶ ይመለሳል። ይህ ወጪ ነው።

ላተንሲ የሚሉት መዘግየት የሚሰላው በሙሉው ክብ ነው። 1024 በ2 ፔሬድ ወደ 43 ሚሊሰከንድ ይመጣል። የኪቦርድ ተጫዋቹ ችግር ይኸው ነበር። በላዩ ላይ የካርዱ የራሱ መቀየሪያና የዩኤስቢው ጉዞ ይጨመራል። በማይክ ገብቶ በሄድፎን የሚወጣ ድምፅ ከሆነ ደግሞ የመግቢያው በፈርም ይደመራል።

43 ሚሊሰከንድ ምን ያህል ነው? ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ 10 ሚሊሰከንድ ከሞንታርቦው 3 ሜትር ተኩል ያህል ርቆ እንደ መቆም ነው። ማንኛውም ጊታሪስት በየሰርጉ ይታገሰዋል። 43 ሚሊሰከንድ ግን ወደ 15 ሜትር ይሆናል። ከአዳራሹ ማዶ ባለ ስፒከር ራሱን እየሰማ ኪቦርድ የሚጫወት ሰው አስቡ።

እንግዲህ ምርጫው። ኪቦርድ፣ ኤሌክትሪክ ከበሮ፣ ጊታር በላፕቶፕ በኩል የሚጫወት ሰው 64 ወይም 128 ይሞክር፤ 256 የመጨረሻ ድንበሩ ይሁን።

ዘፋኝ ሌላ ጉዳይ ነው። የራሱን ድምፅ በአጥንቱ ወዲያው ይሰማዋል፣ በሄድፎን ደግሞ ዘግይቶ ይመጣለታል። ሁለቱ ሲደራረቡ ድምፁ በቱቦ ውስጥ ያለፈ ይመስላል። ጥቂት ሚሊሰከንድም ያስቸግረዋል። ግን ለዘፋኝ በፈር ማሳነስ ከንቱ ድካም ነው ባይ ነኝ። አብዛኞቹ የቀረጻ ካርዶች ዳይሬክት ሞኒተር የሚባል ማዞሪያ ወይም ቁልፍ አላቸው። እሱ ሲበራ የማይኩ ድምፅ ላፕቶፑ ጋ ሳይደርስ ከካርዱ ወደ ሄድፎኑ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በፈሩን 1024 ብታደርጉት ዘፋኙ አያውቅም። መዝሙር ቀርፀው «ጠቅ ጠቅ ይላል» ብለው ከሚመጡልኝ ብዙዎቹን ያዳንኩት በዚህች ማዞሪያ ነው።

ሚክስ ማድረግ ከሆነ 1024 ወይም 2048። የሚጠብቃችሁ የለም፤ ሲፒዩው ለኢፌክቱ ይዋል። ፊልም ማየትና ዘፈን ማዳመጥ ከሆነም እንዲሁ። ድራይቨሩ ስንት ሳምፕል ገና እንዳልተጫወተ ለማጫወቻው ይነግረዋል፣ ማጫወቻውም ምስሉን በዚያው ልክ ያቆየዋል። ከንፈርና ድምፅ ይገጥማሉ። ለቪዲዮ ጥሪ 256 ወይም 512 ይበቃል፤ ኔትወርኩ ራሱ ከዚያ በላይ ያዘገያል።

ብሉቱዝ ሄድፎን አድርጎ በፈር የሚያሳንስ ሰው አጋጥሞኛል። ብሉቱዝ ብቻውን ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ማዘግየቱ የተለመደ ነው። ሽቦ ሰኩ፤ ከዚያ እንነጋገር።

2 ፔሬድ ወይስ 3

ይህን ምርጫ ጃክ የሚባለውን የድምፅ ፕሮግራም የተጠቀመ የሊኑክስ ሰው ያውቀዋል። ዊንዶውስ ላይ አሲዮ የሚባለው የቀረጻ ካርዶች ድራይቨር ዓይነት የተሠራው ገና ከመነሻው በሁለት በፈር ስለሆነ ምርጫው አይቀርብላችሁም።

128 በ3 እና 256 በ2 እናወዳድር። ክቡ ሙሉ ነው እንበል። አንድ ፔሬድ ሲያልቅ ደወል ይደወላል። በመጀመሪያው አቀማመጥ 2 ፔሬድ ቀርቷል፤ 256 ሳምፕል ነው፤ 5.3 ሚሊሰከንድ። በሁለተኛው 1 ፔሬድ ቀርቷል፤ እሱም 256 ሳምፕል ነው፤ ያው 5.3። ማለትም ሲፒዩው ቢዘገይ የሚያተርፈው ጊዜ እኩል ነው። ጠቅላላ መዘግየቱ ግን በመጀመሪያው 8፣ በሁለተኛው 10.7 ሚሊሰከንድ ነው። በነፃ አይደለም፤ 128ቱ በእጥፍ ይደውላል። ሲፒዩው ከቻለ እኔ 128 በ3 እመርጣለሁ።

ለዩኤስቢ ካርድ ደግሞ 3 ማድረጉ የግድ ነው እላለሁ። ዩኤስቢ ድምፁን የሚያጓጉዘው በራሱ ሰዓት ነው፤ በዝግተኛው ዓይነት በየ1 ሚሊሰከንዱ፣ በፈጣኑ በየ125 ማይክሮሰከንዱ እሽግ ይልካል። የ128 ሳምፕል ፔሬድ 2.67 ሚሊሰከንድ ነው፤ ከ1 ሚሊሰከንዱ እሽግ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ደወሉ አንዴ ቀደም፣ አንዴ ዘግየት ይላል። ሦስተኛው ፔሬድ ያንን መንገጫገጭ ይውጣል። ማዘርቦርዱ ላይ ላለ ካርድ 2 ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ደወል ወይስ ሰዓት

እስካሁን ያወራሁት በደወል ስለሚሠራው ነው። ሌላም መንገድ አለ። ሶፍትዌሩ ደወሉን ጭራሽ አይጠብቅም። ክቡን በደንብ ይሞላል፣ የራሱን ሰዓት ይሞላና ይተኛል። ሊያልቅ ሲል ይነሳል፣ ድራይቨሩን «ካርዱ የት ደረሰ?» ይለዋል፣ ጨምሮ ሞልቶ ይተኛል። ፐልስኦዲዮ የሚባለው የሊኑክስ ድምፅ አስተናጋጅ በ2008 ወደዚህ አሠራር ሲዞር እስከ 2 ሰከንድ የሚደርስ በፈር መጠቀም ጀመረ። ዘፈን ስታዳምጡ ሲፒዩው ብዙ አይቀሰቀስም። ባትሪ ይቆያል።

«2 ሰከንድ? ታዲያ ድምፅ ስቀንስ ከ2 ሰከንድ በኋላ ሊቀንስ ነው?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ካርዱ ገና ያላነበበው ድምፅ ሚሞሪው ውስጥ ቁጭ ብሏል። ሶፍትዌሩ ተመልሶ በላዩ ላይ ይጽፍበታል፤ የተቀነሰውን ድምፅ ከካርዱ ጥቂት ፊት ለፊት አስገብቶ ይሞላል። እናንተ ወዲያው የቀነሰ ነው የሚመስላችሁ።

ታዲያ ሁሉም በሰዓት ለምን አይሠራም? ምክንያቱም ሙሉው ነገር የቆመው በአንድ መልስ ላይ ነው፦ ካርዱ የት ደረሰ? ድራይቨሩ ይህን በትክክል ካልተናገረ ሶፍትዌሩ እየተማመነ ይተኛል፣ በፈሩም ያልቃል። አንዳንድ ካርድ ቦታውን የሚያሳውቀው በጥቅል ነው፤ 1 ሲጠብቁት 64 ዘሎ ይመጣል። ዩኤስቢ ላይ ደግሞ አንዴ ታሽጎ የወጣ እሽግ አይመለስም። በዚያ ላይ የካርዱ ሰዓትና የላፕቶፑ ሰዓት ሁለት የተለያዩ ክሪስታሎች ናቸው። እኩል አይሄዱም። ልዩነቱን እየለኩ መገመት ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ፐልስኦዲዮ የሰዓቱን መንገድ ማጥፊያ ያለው። ከጠፋ ወደ ደወሉ ተመልሶ በ4 ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 25 ሚሊሰከንድ ሆኖ ይሠራል። ሊኑክስ ላይ ያለ ምክንያት የሚንጫጫ ካርድ ካላችሁ ይህን ሞክሩ።

ለማድመጥና ለባትሪ የሰዓቱ መንገድ ይበልጣል። ለኪቦርድና ለከበሮ ደወሉ የታመነ ነው።

ብቻዬን ወይስ ከሌሎች ጋር

ዊንዶውስ ላይ ዋሳፒ የሚባለው የራሱ የድምፅ መንገድ ሁለት መልክ አለው። በጋራው የሁሉም ፕሮግራም ድምፅ ይቀላቀላል፤ የተለመደው ዙሩ 10 ሚሊሰከንድ ነው። በብቸኛው አንድ ፕሮግራም ካርዱን ይይዛል፣ ሌላው ዝም ይላል። ሰርግ ላይ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሽማግሌ ሲመርቁ የቴሌግራም «ቲንግ» በሞንታርቦ ሲወጣ የሰማ ሰው ይገባዋል።

አሲዮ የስታይንበርግ ሥራ ነው፤ ከ1997 ጀምሮ አለ። የካርዱ አምራች የራሱን አሲዮ ድራይቨር ካወጣ እሱን ጫኑ። አሲዮ ፎር ኦል የተለየ ነው። የዊንዶውሱን ድራይቨር ከላይ የሚሸፍን ልብስ ነው፤ ካርዱን አያሻሽለውም። የራሱ አሲዮ ለሌለው ካርድ ግን ባለውለታ ነው።

ሊኑክስ ላይ ድሮ ለቀረጻ ጃክ፣ ለቀሪው ፐልስኦዲዮ ነበር፤ ሁለቱ አይዋደዱም። በ2021 ፌዶራ 34 የተባለው ሊኑክስ የሁለቱንም ሥራ የሚሠራውን ፓይፕዋየርን መደበኛው ካደረገ ወዲህ ጭቅጭቁ በርዷል። ፓይፕዋየር ከተጫነ ሳይነካ 1024 ላይ ይቀመጣል። ትንሽ የሚፈልግ ፕሮግራም ሲከፈት ይወርዳል፣ ሲዘጋ ይመለሳል። አዲስ ለሚጀምር ሰው ሌላ አልመክርም።

ካለቀስ?

በፈሩ ባዶ ሆኖ ካርዱ ከደረሰበት ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ ማቆም ነው። የሊኑክስ ድምፅ መሠረት የሆነው አልሳ ሳይነካ የሚያደርገው ይህን ነው፤ ያቆማል፣ ለፕሮግራሙ ስህተቱን ይነግረዋል፣ ፕሮግራሙ እንደገና ያስነሳዋል። ሁለተኛው ባዶውን በዝምታ ሞልቶ መቀጠል ነው። ለቀረጻ ማቆሙ ይሻላል። የት ላይ እንደተበላሸ ታውቁታላችሁ፣ ዘፋኙ ሳይሄድ ደግማችሁ ትቀርፃላችሁ። መድረክ ላይ ግን በፍጹም። ጠቅ ብሎ ይለፍ እንጂ ሙሽራ እየገባች ሙዚቃ አይቆምም።

ድራይቨር መጻፍ ለሚማሩ ሁለት ቃል ብቻ። የዲኤምኤውን ሚሞሪ ካርዱ ሲነሳ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ኮምፒውተሩ ብዙ ከቆየ በኋላ ተያያዥ ባዶ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። በ16 ቢት ስቴሪዮ 2 ሰከንድ ድምፅ 384,000 ባይት ብቻ ስለሆነ አትሰስቱ። ሁለተኛ፣ ካርዱ የት እንደደረሰ ከካርዱ አንብባችሁ ተናገሩ እንጂ አትገምቱ። የሚገምት ድራይቨር ከላይ ያለውን ሁሉ ያሳስታል።

በፈሩን ከማሳደግ በፊት

ጠቅ ጠቅ የሚለው ሁልጊዜ በፈሩ ስላነሰ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ሲፒዩውን ይዞታል። የላፕቶፑን ኃይል ቁጠባ አጥፉ፣ ዋይፋይ ዝጉ፣ ካርዱን ከሃብ (ከዩኤስቢ ማባዣው) አውጥታችሁ ላፕቶፑ ላይ ቀጥታ ሰኩ። ዊንዶውስ ላይ ላተንሲሞን የሚባል ፕሮግራም የትኛው ድራይቨር እንደሚያዘገይ ያሳያል። ሊኑክስ ላይ ደግሞ የሪልታይሙ ሥራ፣ ማለትም አጣዳፊ ሥራን በሰዓቱ ማድረስ፣ በ2024 በወጣው 6.12 ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ዋናው ኮድ ውስጥ ገብቷል። ላፕቶፑ ከተጋለ ሲፒዩው ራሱን ያዘገያል፤ ትራስ ላይ አታስቀምጡት።

እና የዚያን ቀን ምን አደረግን? ላፕቶፑን ጄኔሬተሩ ላይ ሰካነው። ሰርጉ ላይ መብራት ሄዶ ማንም ባያስታውሰውስ ብዬ በፈሩን ከ128 ወደ 256 አወጣሁት። መዘግየቱ በ5.3 ሚሊሰከንድ ጨመረ። ተጫዋቹ አንድ ሁለት ዜማ ሞከረና ፊቱን አጨፈገገ። «ጠዋት ይሻል ነበር።» ጆሮው አልተሳሳተም።

5.3 ሚሊሰከንድ በአየር 1 ሜትር ከ80 ነው። ኪቦርዱን ከነማቆሚያው አንስተን 2 ሜትር ያህል ወደ ሞንታርቦው አስጠጋነው። ተቀምጦ እንደገና ሞከረ። «ምን ነካህበት?» አለኝ፣ ወደ ላፕቶፑ እያየ።